ከ482 ወደ 186፦ የፉትስክሬዩ ኤጀንት በእኔ ሚዛን

«ፒአርህን ማን ጨረሰልህ? ሰውየው ይረባል?» የሚል ስልክ በዝቶብኛል። ፒአር የአውስትራሊያ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ሰውየው የሚሏቸው ደግሞ የቪዛ ጉዳዬን የያዙልኝን ኤጀንት ነው። ለእያንዳንዱ ከማብራራት አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ የማመሰግናቸውም የማማርራቸውም ነገር ስላለ። በደፈናው ግን የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ። አምስተኛዋን ለምን እንደነሳኋቸው ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

እኔ ዲዝል መካኒክ ነኝ። ሥራውን የለመድኩት ቃሊቲ፣ ከባድ መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ከዚያ ዱባይ ሄድኩ። አውስትራሊያ በ2022 ድንበሯን ስትከፍት አንድ የሜልቦርን ጋራዥ ስፖንሰር አድርጎኝ በ482 ቪዛ መጣሁ። 482 ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ነው። ያመጣችሁ አሠሪ ዘንድ ትሠራላችሁ። ጊዜው ሲሞላ አሠሪው በቋሚው ቪዛ በ186 ኖሚኔት ካደረጋችሁ፣ ማለትም ለቦታው ካጫችሁ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። ሲወራ ቀላል ነው።

የመጀመሪያውን ቪዛ የጨረሰው ድርጅቱ የያዘው ሰው ነበር። 186 ላይ ስንደርስ ግን አለቃዬ «የድርጅቱን በኩል እኛ እንጨርሳለን፣ ላንተ በኩል ከፈለግክ የራስህን ሰው ያዝ» አለኝ። በዚህ ነው ፉትስክሬይ ወደሚባለው የሜልቦርን ሰፈር የሄድኩት።

ቢሮው ከኒኮልሰን ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙም አይርቅም። ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ጠባብ፣ የልጅ ጋሪ የያዘች እናት ብትመጣ ፍዳዋን ታያለች። ሁለት ሰው ይሠራበታል። ኤጀንቱ ዕድሜያቸው የገፋ ቬትናማዊ ናቸው። መግቢያው ላይ የምትቀመጠው ደግሞ የእኛው ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች ብላችሁ ገና ከመግባታችሁ ጭንቀታችሁን ብትዘረግፉላት የምትመልሰው አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ እሱን እሳቸውን ጠይቃቸው። እኔ ምክር መስጠት አልችልም።» አንዳንድ ሰው ኩራት ይመስለውና ይቀየማታል። ኩራት አይደለም፣ ሕግ ነው። በዚህ አገር ያልተመዘገበ ሰው የቪዛ ምክር ከሰጠ ያስቀጣዋል። ወረቀት ትቀበላለች፣ ስካን ታደርጋለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች። ከዚያ አታልፍም። እኔ እንዲያውም እሷን አይቼ ነው ቢሮውን ያመንኩት።

ከመክፈላችሁ በፊት እናንተም አንድ ነገር አጣሩ። የተመዘገበ ኤጀንት ሰባት አኃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ኦማራ በሚባለው የመንግሥት መዝጋቢ ድረ ገጽ ላይ ከስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ በነፃ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ አየሁት። ስማቸው አለ፣ ቁጥሩ ይገጥማል፣ የእገዳ ምልክት የለም። የያዛችሁት ጠበቃ ከሆነ ግን መዝገቡ ላይ ስላጣችሁት አትደንግጡ። ከ2021 ወዲህ ጠበቆች የሚጠየቁት በራሳቸው በጠበቆቹ ደንብ ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ይከፈልበታል። ስገባ የሸማቾች መመሪያ የሚባል የመንግሥት ወረቀት ሰጡኝ፤ መስጠት ግዴታቸው ነው። ውሉ በጽሑፍ ነው። የእሳቸው ዋጋ ለብቻ፣ የመንግሥቱ ክፍያ ለብቻ ተዘርዝሯል። የእሳቸው ወደ 4 ሺህ ዶላር ነበር። የመንግሥቱ ለእኔ ለብቻዬ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ፣ ለባለቤቴ ደግሞ የዚያ ግማሽ ያህል። ይሄን ስሰማ ወንበሩ ጠበበኝ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «ፎርሙን ራስህም ትሞላዋለህ፣ መካኒክ መመሪያ ማንበብ አያቅተውም። እኔን የምትከፍለኝ ወረቀትህን እንዳነብልህ ነው» አሉኝ።

እውነትም አነበቡት።

ከቃሊቲው ጋራዥ ያወጣሁት የሥራ ልምድ ማስረጃ እኛ አገር እንደሚጻፈው ነው። «ከመስከረም 2003 እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. በከባድ መኪና መካኒክነት ያገለገሉ ሲሆን የሥራ ግብራቸውንም በአግባቡ ሲከፍሉ ቆይተዋል። ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው የለቀቁ በመሆኑ ይህ ማስረጃ ተሰጥቷቸዋል።» ክብ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ምን ይጎድለዋል? አዲስ አበባ የተተረጎመበት ቤት እንግሊዝኛውን አሳምሮታል። ዓመቱን ግን እንዳለ ነው የገለበጠው። 2003 እና 2008። ድርጅቱ የያዘው ሰው ደግሞ ያንኑ ወስዶ የ482ቱ ማመልከቻ ላይ አስገባው። ማንም ልብ አላለውም፣ ቪዛው ተሰጠ።

ሽማግሌው ፓስፖርቴን ከደብዳቤው ጎን አስቀመጡ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና በጣታቸው አንዱን ቀን፣ ቀጥሎ ሌላውን ነካ ነካ አደረጉ።

«የተወለድከው በ1987 ነው። በ2003 ስንት ዓመትህ ነበር?»

አሥራ ስድስት።

«ዱባይ የገባኸው በ2016 ነው። ከ2008 እስከ 2016 የት ነበርክ?»

የት እሆናለሁ፣ ቃሊቲ ነኛ! መስከረም 2003 ማለት በእነሱ ሴፕቴምበር 2010 ነው። ሰኔ 2008 ደግሞ ጁን 2016። ወረቀቱን እንዳለ ያነበበ ፈረንጅ ግን ገና ጢም ሳያበቅል የከባድ መኪና መካኒክ የሆነ፣ ከዚያ ስምንት ዓመት ሙሉ የተሰወረ ሰው ነው የሚያየው።

ለቋሚ መኖሪያ ስታመለክቱ ፎርም 80 የሚባል ረጅም መጠይቅ ሊመጣባችሁ ይችላል። የኖራችሁበትን፣ የሠራችሁበትን፣ የተጓዛችሁበትን በቅደም ተከተል ይጠይቃል። እዚያ ላይ እውነተኛውን ቀን ብጽፍ ከድሮው ማመልከቻ ጋር ይጣላል። የድሮውን ብጽፍ ውሸት ይሆናል። እሳቸው ፎርም 1023 አወጡ። ከዚህ በፊት የቀረበ የተሳሳተ መልስ ካለ ማሳወቂያ ነው። «ሳይጠይቁህ ንገራቸው» አሉኝ። ደብዳቤው ናቲ የሚባለው ተቋም ፈቃድ በሰጠው የአማርኛ ተርጓሚ እንደገና ተተረጎመ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ። ስለ አቆጣጠራችን ልዩነት አንድ ገጽ ማብራሪያ አባሪ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የሚባል አልመጣም። ለእኔ 4 ሺህ ዶላሩ እዚህ ጋ ተመልሷል።

እባካችሁ ዛሬ ማታ የልደት ካርዳችሁንና የጋብቻ ወረቀታችሁን ትርጉም አውጥታችሁ ዓመቱን እዩት።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። የአውስትራሊያ ፎርም የቤተሰብ ስም ሲል የእኔ ፓስፖርት ላይ የሚያገኘው የአያቴን ነው። የዱባዩ ወረቀት አያቴን ጭራሽ አያውቃቸውም። ጋራዡ ደግሞ ደሞዝ የሚከፍለኝ በአባቴ ስም ነው። ሦስት ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩ። መፍትሔው ስታቹተሪ ዲክላሬሽን ነው፣ ቃለ መሐላ በሉት። ይሄ ሁሉ ስም የእኔ ነው ብላችሁ በምስክር ፊት ትፈርማላችሁ። ምስክር ፍለጋ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም፣ ፋርማሲስትም ይችላል። እኔ ስለ አያቴ ስም የማልኩት መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ የሳል ሽሮፕ ለመግዛት ከተሰለፉ ሰዎች መሃል ነው። አያቴ ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

የባለቤቴ ጉዳይ ላይ ደግሞ ገንዘብ አድነውልናል። አብሮ የሚያመለክት ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ቤተሰብ መሠረታዊ እንግሊዝኛ እንዳለው ካላሳየ ተጨማሪ 4,890 ዶላር ይከፈልበታል። እሷ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ልትመዘገብ ስትል «የተማርሽው በምን ቋንቋ ነው?» አሏት። ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ የሚማረው በእንግሊዝኛ አይደል? ከሬጅስትራር ትምህርቷ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከዲግሪዋ ጋር አስገባን፣ በቃ። ደብዳቤውን ለማውጣት እህቷ አዲስ አበባ ላይ የተንከራተተችው መንከራተት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የማይባልበት ቀን አልነበረም። ቢሆንም 4,890 ዶላር ነው። ለእኔ ለዋናው አመልካች ግን ደንቡ ከዚህ ይጠብቃል። አይኤልትስ በአራቱም ክፍል 6 ማምጣት ነበረብኝ። ራይቲንግ ያለቀሰበት ያውቃታል።

አሁን ስለ አሠሪ። ኤጀንቱ በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ ነገር ደስ አላለኝም ነበር፣ አሁን ግን ለሰው ሁሉ የምናገረው እሱን ነው፦ «እኔ ምንም ጎበዝ ብሆን ጉዳይህ የሚቆመው በአለቃህ ነው።» 186 በአሠሪ በኩል ሲሆን ሁለት ማመልከቻ ነው፣ የእሱ ኖሚኔሽንና የእናንተ ቪዛ። የእሱ ከወደቀ የእናንተ ይዞ ይወድቃል። የሥራ ቦታው ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚቆይ መሆኑን ማሳየት አለበት። ደሞዙም ከመንግሥት ወለል በታች መሆን የለበትም። ወለሉ ለዓመታት 53,900 ላይ ተቸክሎ ቆይቶ በጁላይ 2023 ወደ 70 ሺህ ዘለለ። አሁን በየዓመቱ ጁላይ 1 ይታደሳል። በ2025 76,515 ደርሷል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ኮፈኑን እንደምትከፍቱት ሁሉ አሠሪውንም ክፈቱት። ስንት ሰው ስፖንሰር አድርጓል? ስንቱ ፒአር አገኘ? ሠራተኞቹን ምሳ ሰዓት ላይ ጠይቁ።

ገንዘቡስ የማነው? ስልጠና ፈንድ የሚባል ቀረጥ አለ። ድርጅቱ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ለ482 በየዓመቱ 1,200፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 1,800 ይከፍላል። ለ186 ደግሞ አንዴ 3,000 ወይም 5,000። ይሄን ሠራተኛው ላይ መጫን በሕግ ክልክል ነው። የማውቀው አንድ ልጅ አሠሪው «ቀስ እያልን ከደሞዝህ እናወራርደዋለን» ብሎት በየሳምንቱ ሲቆረጥበት ነበር። እኔ ጋ ሲያማርር ወደ ፉትስክሬይ ላክሁት። ሽማግሌው የደሞዝ ወረቀቱን አይተው ወዴት አቤት እንደሚል ጻፉለት፣ ያስከፈሉት የአንድ ቀጠሮ ብቻ ነው።

ሌላው የወደድኩላቸው የአለቃዬን ፋይል አልይዝም ማለታቸው ነው። ብዙ ኤጀንት ሁለቱንም ወገን ይይዛል፣ ይፈቀዳልም። ግን አለቃችሁና እናንተ የተጋጫችሁ ቀን ያ ሰው ወደ ማን ሊያዘነብል ነው?

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። መጀመሪያ፣ ኢሜይል አይመልሱም። ይመልሳሉ፣ ግን በራሳቸው ጊዜ። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ያለው ጥበቃ ሆድ ይቆርጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ ብለቅ ኖሚኔሽኑ ዋጋ ያጣል። አለቃዬ አንድ ቀን ፊቱ ከጠቆረ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያኔ «ምንም አዲስ ነገር የለም» የምትል አንዲት መስመር እንኳ ብትላክልኝ ምን ነበረበት? ልጅቷ ባትኖር እብድ ነበርኩ። «ፋይልህ አልተነካም ወንድሜ፣ በርታ» ትለኛለች፣ ምክር ሳትሰጥ።

ሁለተኛው ከረር ይላል። በ482 ላይ ሳለን ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ሽፋን የለንም፣ የግል የጤና ኢንሹራንስ በየወሩ እንከፍላለን። ለቋሚ መኖሪያ ካመለከታችሁ በኋላ ግን ውሳኔው ሳይመጣ ሜዲኬር መመዝገብ ይቻላል። ይሄን ሽማግሌው አልነገሩኝም። የሰማሁት ጋራዥ አብሮኝ ከሚሠራ ፊሊፒናዊ ነው። ለወራት ኢንሹራንስ ስንገፈግፍ ቆይተናል። ስጠይቃቸው «የቪዛ ጉዳይ አይደለም፣ ውላችን ውስጥ የለም» አሉ። ውሉን አየሁት፣ እውነትም የለም። ግን ሰውዬ፣ ሻይ እየጠጣን ስንት ወሬ አውርተናል! አምስተኛዋ ኮከብ እዚህ ቀረች።

በደንቡ መለዋወጥ ግን አልፈርድባቸውም። እኔ ስመጣ 186 ለመጠየቅ ስፖንሰሩ ዘንድ ሦስት ዓመት መሥራት ነበረብኝ። በኖቬምበር 2023 ሁለት ሆነ። በዚያው ሰሞን ደውለው «ቀኑ ቀርቧልና አይኤልትስ ተመዝገብ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሥራ የለቀቀ ሰው ሌላ ስፖንሰር የሚፈልግበት ጊዜ 60 ቀን ነበር፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአንድ ጊዜ እስከ 180 ቀን፣ በጠቅላላው እስከ 365 ቀን ሆኗል። በዲሴምበር 2024 ደግሞ 482 ራሱ ስሙም ይዘቱም ተቀይሮ አሁን ከተለያዩ የጸደቁ ስፖንሰሮች ዘንድ የተሠራው ተደምሮ ሁለት ዓመቱን ይሞላል። ይሄ ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ነው። ከአንድ ክፉ አለቃ ጋር ተጣብቆ መቆየት ድሮ ግዴታ ነበር።

በዚሁ ለውጥ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ከፍተኛ ደሞዝ ላላቸው የተለየ ፈጣን መስመር ተከፍቷል፣ መነሻው 135 ሺህ ዶላር። በ2025 ከ141 ሺህ በላይ ሆነ። እኛ የእጅ ባለሙያዎች ግን ያንን ብናገኝም አንገባም። ማዕድን ማውጫ ላይ የሚሠራ ዲዝል መካኒክ ከብዙ የቢሮ ሰው በላይ ይከፈለዋል፤ መስመሩ ግን ለእሱ ዝግ ነው። ምክንያቱን ሽማግሌውን ብጠይቃቸው ትከሻቸውን ሰበቁ።

ዕድሜያችሁ 45 የሚጠጋ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አንሱላቸው። በዚህ መንገድ ሲያመለክቱ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር 45 መሙላት የለባችሁም። ሜልቦርን ውስጥ ስፖንሰር ላጣ ደግሞ ስለ 494 ጠይቁ። የክፍለ ሀገር ቪዛ ነው፣ አምስት ዓመት ይሰጣል፣ ሦስት ዓመት ከሠሩበት በኋላ በ191 ፒአር ይጠየቃል። ክፍለ ሀገር ሲባል በረሃ እንዳይመስላችሁ። ጂሎንግ ይቆጠራል፣ በባቡር ከፉትስክሬይ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

ከቢሮው ዝቅ ብሎ ካለው ቡና ቤት ደግሞ ሌላ ዓይነት ኤጀንት አለ። ስሙ ደላላ ነው። «አርባ ሺህ ዶላር አምጣ፣ ስፖንሰር አለኝ» ይላል። አዲስ አበባም፣ ቲክቶክ ላይም የዚህ ዘመዶች ሞልተዋል። ከ2015 ጀምሮ ለስፖንሰርነት ገንዘብ መጠየቅና መቀበል ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። የከፈለውም አይተርፍም፣ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል። ሽማግሌውን አንድ ሰው እኔ እያለሁ «አሠሪም ታገናኛላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። ወደ በሩ አመለከቱት። በትሕትና፣ ግን ወደ በሩ።

ፒአሩ መጥቷል። በ482 የቆየሁበትም ስለሚቆጠር ለዜግነት የሚያስፈልገውን አራት ዓመት ለመሙላት ብዙ አልቀረኝም፤ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻው ዓመት በፒአር መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን መልሼ ቢጫ ካርድ ስለመያዝ ቤት ውስጥ ገና አልተስማማንም። እናቴ አትሰማም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ቅዳሜ ጠዋት አትሂዱ፣ ወንበር የለም፣ መኪና ማቆሚያም አታገኙም። ማክሰኞ ከሰዓት ጥሩ ነው። የውጭ አገር ወረቀታችሁን ዋናውንም ትርጉሙንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ተመልሶ ይሄዳል። ልጅቷ የስደት ሕግ ግራጁዌት ዲፕሎማዋን በማታ እየተማረች ነው። ከዚያ ካፕስቶን የሚሉትን ፈተና አልፋ ከተመዘገበች በአማርኛ ትጠይቋታላችሁ። እስከዚያ ግን ስለ ቪዛችሁ አትነዝንዟት፣ ሥራዋን ታሳጧታላችሁ።